የቄሱ መንጃ ፈቃድና የሕፃኗ ጉዳት፦ «ቤል» በተባለው ፍርድ ላይ የቀረበ ሒስ

በ1968 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጆርጂያ ክፍለ ግዛት አንዲት የአምስት ዓመት ሕፃን በብስክሌት እየሄደች ሳለ ከአንድ መኪና ጎን ጋር ተጋጨች። መኪናውን ይነዱ የነበሩት በሦስት የገጠር ማኅበረሰቦች እየተዘዋወሩ የሚያገለግሉ ቄስ ነበሩ። መድን አልገቡም ነበር። የሕፃኗ ወላጆች ልጃቸው ከፍተኛ ጉዳት እንደ ደረሰባት ገልጸው 5,000 ዶላር ካሣ የሚጠይቅ የአደጋ ሪፖርት ለክፍለ ግዛቱ የሕዝብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አቀረቡ። መሥሪያ ቤቱም ቄሱ ይህን ገንዘብ በዋስትና ካላስያዙ መንጃ ፈቃዳቸውና የመኪናቸው ምዝገባ እንደሚታገድ አስታወቃቸው። ቄሱ በአስተዳደር ችሎት ቀርበው አደጋው ሊወገድ የማይችል እንደ ነበረና ያለ መኪና አገልግሎታቸውን መፈጸም እንደማይችሉ ለማስረዳት ሞከሩ። በጊዜው በነበረው ሕግ መሠረት ችሎቱ ስለ ጥፋተኝነት የሚቀርብን ማስረጃ አይሰማም ነበር። የሚሰማው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ አሽከርካሪው በአደጋው ውስጥ ነበር ወይ? መድን ነበረው ወይ? ሕጉ ከዘረዘራቸው ነፃ መውጫዎች አንዱን ያሟላል ወይ?

ክርክሩ በደረጃ ከፍ እያለ ሄዶ በግንቦት ወር 1971 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እልባት አገኘ። በዳኛ ዊሊያም ብሬናን የተጻፈው ይህ ፍርድ «ቤል እና በርሰን» በሚል ስም ይታወቃል። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ የሕግ ተማሪዎች ስለ አስተዳደር ፍትሕ ሲማሩ ደጋግመው የሚያነቡት ሆኗል። ለጤና ባለሙያ ግን የሕግ ትምህርት ቤቶች ትኩረት በማይሰጡት በኩል ቢያነበው ይበልጥ ይጠቅመዋል። ፍርዱ ስለ አንድ ፈቃድ መነጠቅ የተጻፈ ቢሆንም የነገሩ መነሻ የአንዲት ሕፃን የአካል ጉዳት ነው፤ በገጾቹ ውስጥ ፈቃዱ ሲገን ጉዳቱ እየደበዘዘ ይሄዳል።

በመጀመሪያ የፍርዱን ጥንካሬ መመስከር ተገቢ ነው። ጆርጂያ «ፈቃድ የመንግሥት ችሮታ ነው፤ የሰጠ ሊነሳ ይችላል» የሚለውን የቆየ አስተሳሰብ ተመርኩዛ ነበር። ዳኛ ብሬናን ይህን አልተቀበሉም። ፈቃድ አንዴ ከተሰጠ በኋላ ሰው እንጀራውን የሚያገኝበት መሣሪያ ይሆናል፤ ስሙ መብትም ተባለ ችሮታ፣ ባለቤቱ ሳይሰማ ሊወሰድበት አይገባም አሉ። ክፍለ ግዛቱ ያቀረበው ሁለተኛ መከራከሪያ፣ ማለትም «ሕጋችን ጥፋትን አይመለከትም፣ ስለዚህ ስለ ጥፋት መስማት አያስፈልግም» የሚለው ደግሞ በራሱ በሕጉ ፈረሰ። ሕጉ ተጎጂው ከኃላፊነት ነፃ ያደረገውን ወይም ፍርድ ቤት ኃላፊነት የለበትም ያለውን አሽከርካሪ ከእገዳ ያወጣል። በመጨረሻ ኃላፊነትን የሚመለከት ሕግ በመነሻው ላይ ጆሮውን ሊደፍን አይችልም። በመሆኑም ፈቃዱ ከመታገዱ በፊት በአሽከርካሪው ላይ የካሣ ፍርድ ሊሰጥበት የሚችልበት ምክንያታዊ ዕድል መኖር አለመኖሩ ሊጣራ ይገባል ተብሎ ተወሰነ። ሦስት ዳኞች በምክንያቱ ሳይሆን በውጤቱ ብቻ ተስማሙ፤ የተቃወመ ግን አልነበረም።

ይህ አመክንዮ ከሐኪሙም ሆነ ከነርሱ ሕይወት የራቀ አይደለም። የሙያ ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ ከቄሱ ጋር በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስተሳስሯቸዋል። በ1996 ዓ.ም. የታወጀው ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲደነግግ የሌላውን ሰው ሕይወት፣ ጤንነት ወይም ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ ላለበት ሰው ቅጣቱን ያከብደዋል። በምሳሌነት የጠቀሳቸውም ሐኪምንና አሽከርካሪን ነው። ለሁለቱም ከአንድ እስከ አምስት ዓመት የሚደርስ ቀላል እሥራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ተመድቦላቸዋል። ስለዚህ አንድ ባለሙያ የሾፌር ፈቃድ ሳይሰማ መታገዱን በግዴለሽነት ቢመለከት በራሱ ፈቃድ ላይ የሚደርሰውን አስቀድሞ እንደ ተቀበለ ይቆጠራል።

ይሁንና የፍርዱ ድክመት ከዚህ በኋላ ይታያል። ዳኛው በሚዛኑ ላይ ያስቀመጡት ሁለት ወገኖችን ብቻ ነው፦ ክፍለ ግዛቱንና አሽከርካሪውን። ሦስተኛዋ፣ ሕፃኗ፣ በጥቂት መስመሮች ተጠቅሳ ታልፋለች። ምን እንደ ተሰበረባት፣ የት እንደ ታከመች፣ ማን እንደ ከፈለላት አንባቢው አይነገረውም። ከሐኪም ቤት የወጣ አንዲት ቃል እንኳ በፍርዱ ውስጥ የለችም። ያለው አኃዝ ብቻ ነው፦ 5,000 ዶላር።

ይህ አኃዝ ከየት መጣ? ከወላጆቹ ሪፖርት ነው። ቄሱ ፈቃዳቸውን እንዳያጡ ሊያስይዙት የሚገባውን ገንዘብ የወሰነው ተጎጂው ወገን ጠይቄአለሁ ያለው መጠን ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጥፋት ጥያቄ እንዲሰማ ሲያዝ ጥያቄው በሙሉ በ«ኃላፊነት አለ ወይስ የለም» ላይ አረፈ። የጉዳቱ መጠን እንዴት ይለካል የሚለው ግን ከጥፋቱ ጥያቄ እኩል የመመርመር ዕድል አላገኘም። ጥፋት ያለበት አሽከርካሪም ቢሆን ከልክ ባለፈ ግምት ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። በአንጻሩ ጉዳቷ ከመጀመሪያው ቀን ግምት ያለፈ ሕፃን በማይበቃ ዋስትና ትቀራለች።

በአደጋ ክፍል የሠራ ሁሉ ይህን ችግር ያውቀዋል። በመጀመሪያው ሰዓት የሚጻፈው ማስታወሻ ሕይወትን ለማትረፍ የሚጻፍ ነው። «ራሷን መትታለች፣ ነቅታለች፣ ግራ ጭኗ ተሰብሯል» የሚል አጭር ቃል ለሕክምናው ይበቃል። ከሳምንታት በኋላ ጠበቃ፣ የመድን ሠራተኛና ዳኛ ያንኑ ወረቀት በሌላ ዓይን ያነቡታል። እነርሱ የሚፈልጉት በመቶኛ የተሰላ የአካል ጉዳት፣ ሥራ የማይሠራበት ጊዜና ለወደፊት የሚያስፈልግ ሕክምና ነው። የአምስት ዓመት ሕፃን አጥንት በማደጊያው ጫፍ ላይ ከተጎዳ እግሯ ከእኩያው አጥሮ መቅረት አለመቅረቱ የሚታወቀው ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። የራስ ጉዳትም እንዲሁ ነው፤ ልጅ በሆስፒታሉ አልጋ ላይ ደህና ስትመስል ቆይታ ትምህርት ቤት ስትገባ ማስታወስና ማተኮር ሊሳናት ይችላል። የካሣ ሕግ ግን አኃዙን ዛሬ ይፈልገዋል። በዚህ መካከል ጸሐፊው፣ ማለትም ማስታወሻውን የጻፈው ባለሙያ፣ ሳያውቀው የአንድን ሰው እንጀራና የአንዲትን ሕፃን የወደፊት ዕድል በአንድ መስመር ላይ አስቀምጧል።

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ከጆርጂያው ይልቅ የተሻለ ነው፤ እንከን ግን አያጣም። የ1952 ዓ.ም. ሕግ በአንቀጽ 2092 መድረሱ እርግጠኛ የሆነ የወደፊት ጉዳት እስኪደርስ ድረስ ሳይጠበቅ ካሣ እንዲከፈልበት ያዛል። «እርግጠኛ» የሚለው ቃል በፍርድ ቤት አንደበት ይነገር እንጂ ይዘቱን የሚሰጠው ሐኪሙ ነው። «ሊያነክስ ይችላል» ብሎ የሚጽፍና «ያነክሳል» ብሎ የሚጽፍ ባለሙያ ለተጎጂው የሚያስገኙት ውጤት በእጅጉ ይለያያል። ሐኪም በተፈጥሮው ጥንቁቅ ነው፤ «ይችላል» ማለት ይቀናዋል። ይህ ጥንቃቄ በሕክምና ጉባኤ የሚያስመሰግነውን ያህል በፍርድ ቤት ደግሞ በሽተኛውን ሊጎዳ እንደሚችል ብዙዎች አይረዱትም። ጉዳቱ ትክክለኛ ልኩ ሊታወቅ በማይችልበት ጊዜ ዳኛው በርትዕ እንዲወስን አንቀጽ 2102 ሥልጣን ይሰጠዋል። ዳኛው ግን ወደ ርትዕ ሊሄድ የሚችለው የነገሩን ተራ አካሄድ የሚያስረዳው ወረቀት ሲኖረው ነው።

ጊዜም አለ። አንቀጽ 2143 ጉዳት የደረሰበት ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ክሱን እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ነገሩ ከወንጀል የመነጨና የወንጀሉ የይርጋ ዘመን የረዘመ ከሆነ ረጅሙ ይጸናል። ለአንዲት በማደግ ላይ ያለች ልጅ ሁለት ዓመት ምንድን ነው? ለሐኪሟ ገና የክትትል መጀመሪያ ነው።

ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው አንቀጽ 2030 ነው። ጥፋት ሲመዘን፣ ሕግ በሌላ አኳኋን ካልደነገገ በቀር፣ የሰውየው ዕድሜና የአእምሮ ሁኔታ ከግምት አይገባም ይላል። በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት፣ መኪናውን ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ፣ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ከዚህ ኃላፊነት የሚያወጣው ወይም የሚቀንስለት የተጎጂው ጥፋት ነው። ሁለቱ አንቀጾች ሲገናኙ ከመኪና ጎን ጋር የተጋጨች የአምስት ዓመት ሕፃን እንደ ዐዋቂ ልትመዘን ትችላለች ማለት ነው። የሕፃናትን የእይታ ስፋት፣ ርቀትንና ፍጥነትን የመገመት ችሎታ የሚያውቅ የሕፃናት ሐኪም ይህን ሲያነብ ዝም ሊል አይገባውም። የጆርጂያው ሕግ ቄሱን አልሰማም፤ የኢትዮጵያው ደግሞ ሕፃኗን በማትችለው ሚዛን ሊያስቀምጣት ይችላል። ከሁለቱ የትኛው ይከፋል ለማለት ያዳግታል።

ወደ እገዳው እንመለስ ቢባል፣ ዋናው ጥያቄ መንጃ ፈቃድ ማገድ ለተጎጂው ምን ያተርፍለታል የሚል ነው። «የገንዘብ ኃላፊነት» የሚባሉት ሕጎች በአሜሪካ የተጀመሩት በ1920ዎቹ ነው። ኮኔቲከት በ1925 እ.ኤ.አ. መንገዱን ከፈተች፤ ማሳቹሴትስ ደግሞ ከ1927 ጀምሮ መድንን ለሁሉም አስገዳጅ አደረገች። ብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶች ለረጅም ዘመን የመረጡት የመጀመሪያውን መንገድ ነበር፤ አሽከርካሪው ያለ መድን ይንዳ፣ አደጋ ሲያደርስ ግን ገንዘብ ያስይዝ ወይም ፈቃዱን ያስረክብ። አሳቡ ማስፈራራት ነው። ማስፈራራቱ የሚሠራው ግን ገንዘብ ባለው ሰው ላይ ነው፤ ገንዘብ ያለው ደግሞ ድሮውንም መድን ይገባል። የሌለው ፈቃዱን ያጣል፣ ሥራውንም አብሮ ያጣል፤ ለሕፃኗ የሚከፍለው ከበፊቱም ያንሳል። ከእርሱ ካሣ መጠበቅ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። በዚያ ላይ ሕጉ የሚነቃው የመጀመሪያው ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው።

ዳኛ ብሬናን ይህን አላጡትም። መድን የሌለውን አሽከርካሪ ሁሉ ገና ከመነሻው ከመንገድ የሚከለክል ሕግ ቢወጣ የሕገ መንግሥት ጥያቄ እንደማይነሳበት፣ ጆርጂያም ከፈለገች ያላትን ሥርዓት ትታ ሌሎች ክፍለ ግዛቶች የያዙትን መንገድ ልትከተል እንደምትችል ጽፈዋል። ጽሑፉ በዚህ ቦታ ላይ የሚያሳዝን ቁጥብነት ይታይበታል። የተሻለው መንገድ የትኛው እንደ ሆነ ለመናገር የፍርድ ቤት ሥራ አይደለም ይባል ይሆናል፤ ቢሆንም መንገዱን የሚያመለክቱ ጽሑፎች በዚያን ጊዜ ነበሩ። ሮበርት ኪተንና ጄፍሪ ኦኮኔል የተባሉ የሕግ ምሁራን በ1965 እ.ኤ.አ. የመንገድ አደጋ ተጎጂ ጥፋት ሳይፈለግ ከመድን እንዲታከም የሚያስችል ዕቅድ አሳትመው ነበር። ማሳቹሴትስ በዚያ አሳብ ላይ የተመሠረተውን ሕጓን ሥራ ላይ ያዋለችው ፍርዱ በተሰጠበት ዓመት፣ በጥር 1971 ነው። ኒውዚላንድ በ1974 ከዚያም አልፋ የአደጋ ተጎጂዎችን ሁሉ በአንድ የሕዝብ ካዝና ስር አድርጋ የአካል ጉዳት ክስን አስቀረች።

ከቤል ፍርድ አንድ ሳምንት ያህል በኋላ በወጣው «ፔሬዝ እና ካምቤል» በተባለው ፍርድ ደግሞ የእነዚህ ሕጎች እውነተኛ ጠባይ ይበልጥ ተገለጠ። በአሪዞና አንድ ቤተሰብ ለአደጋ ካሣ የተፈረደበትን ሁለት ሺህ አራት መቶ ዶላር ያህል መክፈል ባለመቻሉ ኪሳራ ያሳውጃል፤ ዕዳውም በሕግ ይሰረዛል። ክፍለ ግዛቱ ግን ዕዳው እስኪከፈል ድረስ የባልየውን ብቻ ሳይሆን በአደጋው ጊዜ ያላሽከረከረችውን የሚስቱንም መንጃ ፈቃድ አገደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምስት ለአራት ድምፅ ይህ ከፌዴራሉ የኪሳራ ሕግ ጋር ይጋጫል ሲል ሻረው። እዚህ ላይ እገዳው የመንገድ ደኅንነት እርምጃ ሳይሆን የዕዳ መሰብሰቢያ ጅራፍ እንደ ነበረ አያከራክርም። ሚስቲቱ ምን ዓይነት አሽከርካሪ እንደ ሆነች የጠየቀ የለም።

በእውነት ደኅንነትን የሚመለከት እገዳ ሌላ ነው። ያ ደግሞ ሐኪሙን በቀጥታ ይነካዋል። በካሊፎርኒያ ራስን በሚያስት ሕመም የተያዘን ሰው ያከመ ሐኪም ለጤና ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ሕግ ያስገድደዋል፤ ሪፖርቱም ለመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ይደርሳል። ዓላማው የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም የሚጥል በሽታ ያለበት የታክሲ ሾፌር ይህን ሲያውቅ ምን ያደርጋል? ከሐኪሙ ይደብቃል። መድኃኒቱን ሳይወስድ ይነዳል። በዋሽንግተንና በአካባቢው በታክሲ ሥራ ቤተሰብ ያስተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ እንደ ሆኑ የሚያውቅ ሐኪም፣ ፈቃድ ማለት በሌላ ሰው ቤት የሚላክ የትምህርት ቤት ክፍያ መሆኑን ይረዳዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ በኋላ ፍርዶቹ የቤልን መርህ ለደኅንነት ሲባል አጥብቦታል። በ1977 በኢሊኖይ በተደጋጋሚ በትራፊክ ጥፋት የተፈረደበት የጭነት መኪና ሾፌር፣ በ1979 ደግሞ በማሳቹሴትስ የአልኮል ትንፋሽ ምርመራ አልሰጥም ያለ አሽከርካሪ ሳይሰሙ ፈቃዳቸው ቢታገድ፣ በኋላ የሚሰሙበት መንገድ እስካለ ድረስ ሕገ መንግሥት አልተጣሰም ተብሏል። ይህ ማጥበብ ተገቢ ይመስላል፤ የመዘግየት ዋጋ የሚከፈለው በሌላ ሰው ሕይወት ነውና። ለዕዳ ሲባል የሚደረግ እገዳ ግን እንዲህ ያለ ምክንያት ሊያቀርብ አይችልም።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ የተከተለችው መስመር በመሠረቱ የማሳቹሴትሱን ይመስላል። በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559 የተጀመረውና በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 የተተካው የሦስተኛ ወገን መድን ሥርዓት ባለ ተሽከርካሪን ሁሉ አስቀድሞ መድን እንዲገባ ያስገድዳል፤ ለተጎጂው የአስቸኳይ ሕክምና ወጪ ይሸፍናል፤ ገጭቶ ለጠፋ ወይም መድን ለሌለው መኪና ተጎጂም የመድን ፈንድ አቋቁሟል። የሚነቀፈው የመርሁ ነገር አይደለም፤ የልኩ ነው። አዋጁ በ2005 ዓ.ም. ሲወጣ ለሞትም ሆነ ለአካል ጉዳት የመደበው ጣሪያ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት የመደበው ግን 100,000 ብር ነበር። መጠኑ ከዚያ ወዲህ ቢሻሻልም፣ ሕግ አውጪው የተሰባበረ መኪናን ከተሰባበረ ሰው በላይ የገመተበት ዘመን መኖሩ ሊረሳ አይገባም። የሕሊና ጉዳት ካሣ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ይህ ቁጥር በ1952 ዓ.ም. ምን ይገዛ እንደ ነበረ አዛውንት ይናገራሉ። ዛሬ ልጁን በመንገድ ላይ ያጣ አባት የሐዘን ካሣ ተብሎ ሲቆጠርለት የሚያየው ሐኪም ምን ብሎ ያጽናናው?

በመጨረሻ ወደ ቤል ፍርድ ጽሑፍ ስንመለስ አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። ቄሱ በፍርዱ ስም ተሰጥቷቸዋል፤ የተሟገቱትን ባለሥልጣንም ስም እስከ ዛሬ ተማሪዎች ይጠሩታል። ፍርዱ ጆርጂያ ችሎቷን እንድታስተካክል አዘዘ። ሕፃኗ ግን ካሣውን ታግኝ አታግኝ፣ እግሯ ይዳን አይዳን፣ ፍርዱ በቆመበት መስመር ላይ አይታወቅም። ይህን የሚያውቀው፣ ተጽፎ ከሆነ፣ በአንድ የጆርጂያ ሐኪም ቤት መዝገብ ውስጥ ያለ ወረቀት ነው።